ቁጥሩ ስለበለጠ ብቻ፦ የሲሊኮን ፍሬን ዘይትና የአጎቴ ኤምጂቢ

መግቢያ

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ አበው። እኔ ግን ትምህርቴን ሳልጨርስ ጠምጥሜ ተገኘሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። በአሜሪካን አገር በቨርጂኒያ የሚኖሩት አጎቴ እ.ኤ.አ. በ1967 የተሠራች ጣሪያዋ የሚከፈት ኤምጂቢ የተባለች የእንግሊዝ ስፖርት መኪና አለቻቸው። አንድ ቀን ስልክ ደውለው «አንተ የኦቶሞቲቭ ተማሪ አይደለህ? የፍሬን ዘይቷ ትንሽ ጎድሏል። ሱቅ ገብቼ ዶት 3፣ ዶት 4፣ ዶት 5 የሚል አየሁ። የቱን ልግዛ?» አሉኝ። እኔም ምንም ሳላቅማማ «ጋሼ፣ ቁጥሩ ከፍ ያለውን ይውሰዱ፤ እሱ ይሻላል» ብዬ መለስኩ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መምህራችን ስለ ፍሬን ሲስተም ሲያስተምሩ ሰሌዳው ላይ «ዶት 5» ብለው ጻፉና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመሩበት። «ይሄኛው ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም» አሉ። ክው ብዬ ቀረሁ። ክፍለ ጊዜው እንዳለቀ ደወልኩ፤ እዚያ ገና ማለዳ ነበር።

«ጋሼ፣ ዘይቱን ጨመሩት እንዴ?»

«ትናንት ጨመርኩ፤ ሱቅ ድረስ ነድቼም ተመለስኩ። ምነው?»

ባትሪ ይዘው የማስተር ሲሊንደሩን ክዳን ከፍተው እንዲያዩ ለመንኳቸው። «ከላይ ሐምራዊ፣ ከሥር ቡናማ ሆኗል፤ አልተዋሃደም» አሉኝ። «እባክዎ ቁልፉን ያስቀምጡት፤ ከዚህ በኋላ እንዳይነዷት» አልኳቸው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እኔ የተሳሳትኩት ምን ላይ እንደሆነ ማስረዳት፣ የሲሊኮን ፍሬን ዘይት ለእንዲህ ዓይነቱ አሮጌ መኪና መቼ እንደሚጠቅምና መቼ እንደሚጎዳ ማሳየት ነው።

የፍሬን ዘይት ሥራው ምንድነው?

ፔዳሉን ስንረግጥ እግራችን የሚሰጠው ኃይል በማስተር ሲሊንደሩ ወደ ግፊት ይለወጣል። ግፊቱ በቱቦው ውስጥ ባለው ፈሳሽ አማካይነት እየንዳንዱ ጎማ ጋ ይደርስና የፍሬን ሸራውን ከዲስኩ ወይም ከታምቡሩ ጋር ያጣብቀዋል። ይህ የሚሆነው ፈሳሽ በቀላሉ ስለማይጨመቅ ነው። አየር ወይም እንፋሎት ግን ይጨመቃል። በመሆኑም በቱቦው ውስጥ ትንሽ አረፋ ካለ እግራችን አረፋውን ሲጨምቅ ይውላል እንጂ መኪናውን አያቆምም። ፔዳሉ ይሰምጣል፤ ሹፌሩም «ፍሬን በጠሰ» ይላል።

አረፋው ከየት ይመጣል ካልን አንዱ ምንጭ ሙቀት ነው። ፍሬን የመኪናውን እንቅስቃሴ ወደ ሙቀት የሚለውጥ መሣሪያ ስለሆነ ሙቀቱ ከሸራው ወደ ፒስተኑ፣ ከፒስተኑም ወደ ዘይቱ ይተላለፋል። ዘይቱ ከፈላ እንፋሎት ይፈጠራል። ስለዚህ የፍሬን ዘይት የመፍያ ነጥቡ ከፍ ያለ መሆን አለበት።

ዶት የሚለው ቃል የአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ምህጻረ ስም ነው። መሥሪያ ቤቱ ባወጣው ደረጃ መሠረት አዲስ የዶት 3 ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት። ዶት 4 እስከ 230፣ ዶት 5 ደግሞ እስከ 260። በፈተና ላይ ውኃ እንዲገባባቸው ከተደረገ በኋላ ግን ቁጥሩ ወደ 140፣ 155 እና 180 ይወርዳል። እኔን ያሳሳተኝ ይህ መሰላል ነው። ሦስቱ አንድ ዓይነት ዘይት፣ ልዩነታቸው የጥራት ብቻ መስሎኝ ነበር።

አንድ መሰላል ሳይሆን ሁለት ቤተሰብ

ለካ ነገሩ ሌላ ነው። ዶት 3 እና ዶት 4 ከግላይኮል ቤተሰብ ናቸው። ግላይኮል ውኃ ይስባል። እርጥበት በላስቲክ ቱቦውና በክዳኑ በኩል ቀስ በቀስ ገብቶ ከዘይቱ ጋር ይዋሃዳል። ለዚህም ነው በየሁለት ዓመቱ ገደማ መቀየር አለበት የሚባለው።

ዶት 5 ግን ከሲሊኮን የሚሠራ ነው። ውኃ አይስብም፤ ከግላይኮልም ጋር አይዋሃድም። እንደ ዘይትና ውኃ ተለያይተው ይቀመጣሉ። ሲሊኮኑ ቀለል ስለሚል ከላይ ይንሳፈፋል። አጎቴ በባትሪ ያዩት ይህንኑ ነበር። በደረጃው መሠረት የሲሊኮኑ ዘይት ቀለም ሐምራዊ ሲሆን የግላይኮሎቹ ከቀለም አልባ እስከ ቢጫማ ቡናማ ነው። ቀለሙ ለጌጥ የተደረገ ሳይሆን ሰው እንዳይሳሳት ነው።

እዚህ ላይ ሌላም ወጥመድ አለ። ዶት 5.1 የሚባል ዘይት አለ። ስሙን የሰማ ሰው የዶት 5 ታናሽ ወንድም ነው ሊል ይችላል። ነገር ግን ዶት 5.1 ሲሊኮን አይደለም፤ የግላይኮል ዘር ነው፤ ከዶት 3 እና ከዶት 4 ጋር ይስማማል። በአንዲት ነጥብና በአንድ ቁጥር ምክንያት ቤተሰቡ ይለወጣል ማለት ነው።

የአሮጌ መኪና ባለቤቶች ለምን ይወዱታል?

ኤምጂቢ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 እንግሊዝ አገር አቢንግደን በሚባል ከተማ ይሠራ የነበረ መኪና ነው። ከ500 ሺህ በላይ ተሠርቷል። ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡር ፍሬን አለው። የፍሬኑና የፍሪሲዮኑ ማስተር ሲሊንደሮች ከሹፌሩ ፊት ለፊት ኮፈኑ ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ጎሚኒያቸው ሲያረጅ ዘይት ያንጠባጥባሉ። ግላይኮል ደግሞ ቀለም ይልጣል። የአጎቴም መኪና እዚያ ቦታ ላይ ያለው ቀለም እንደተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተነስቶ ላመራው መዛግ ጀምሮ ነበር። ሲሊኮን ቀለም አይነካም። መኪናውን በእጁ ቀለም ቀብቶ ያሳመረ ሰው ይህን ሲሰማ ዓይኑ ቢያበራ አይገርምም።

ሁለተኛው ምክንያት መቆም ነው። እንዲህ ዓይነት መኪና በብርዱ ወራት ጋራዥ ውስጥ ተሸፍኖ ይከርማል። ውኃ የጠጣ ግላይኮል ሲሊንደሩን ከውስጥ እየበላው ይቆያል፤ በጸደይ ወቅት ሲወጣ ፒስተኑ ተጣብቆ ይገኛል። ሲሊኮን ከአየሩ እርጥበት ስለማይስብ ይህን ይቀንሳል። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ተሽከርካሪዎቹን ወደ ሲሊኮን ዘይት ያዞረበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር፤ የጦር መኪና ለረጅም ጊዜ ቆሞ በተፈለገ ሰዓት መነሳት አለበትና።

ጉዳቱስ?

አንደኛ፣ ሲሊኮን ውኃ አይስብም ማለት ውኃ ወደ ሲስተሙ አይገባም ማለት አይደለም። የገባችው ጠብታ ከዘይቱ ጋር ስለማትዋሃድ ወደ ታች ወርዳ በዝቅተኛው ቦታ ትጠራቀማለች። ዝቅተኛው ቦታ ደግሞ ጎማው ጋ ያለው ሲሊንደር ነው፤ ሙቀቱ ያለውም እዚያው ነው። እዚያ የተቀመጠች ንጹሕ ውኃ 180 ዲግሪ አትጠብቅም፤ 100 ዲግሪ አካባቢ ትፈላለች። በአንድ ቦታ ላይም ብረቱን ትበላለች። ስለዚህ «አንዴ ሞልተህ እርሳው» የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም።

ሁለተኛ፣ ሲሊኮን ከግላይኮል ይልቅ በመጠኑ ይጨመቃል፤ በተለይ ሲሞቅ። አየርም በውስጡ ይሟሟል። በመሆኑም ፔዳሉ ለስለስ ያለ፣ ስፖንጅ የመሰለ ስሜት ሊሰጥ ይችላል። በእሽቅድምድም ላይ የሚነዱ ሰዎች የማይፈልጉት በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛ፣ በእነዚህ አሮጌ የእንግሊዝ መኪናዎች ላይ የፍሬን መብራቱን የሚያበራው ማብሪያ የሚሠራው በዘይቱ ግፊት ነው። ሲሊኮን በሞላባቸው መኪናዎች ላይ ይህ ማብሪያ ቶሎ ቶሎ እንደሚበላሽ ባለቤቶቹ በተደጋጋሚ ይናገራሉ። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ከኋላ የሚመጣው ሹፌር እርስዎ ማቆምዎን አያውቅም።

አራተኛው ዋናው ነው፤ በነበረው ዘይት ላይ መጨመር ፈጽሞ አይቻልም። ሁለቱ ዘይቶች ተለያይተው በቱቦው ውስጥ ሲጓዙ የቱ የት እንዳለ አይታወቅም። አሮጌው ግላይኮል ከነውኃው በሲሊንደሩ ውስጥ ታስሮ ይቀራል፤ ለዓመታት ግላይኮል የጠጣው ጎሚኒም በአዲሱ ዘይት ላይ ጠባዩ ሊለወጥና ሊያንጠባጥብ ይችላል። የአጎቴ መኪና ደግሞ አራቱም ጎማዎች የሚታዘዙት በአንድ ማስተር ሲሊንደርና በአንድ መስመር ነው። በዛሬዎቹ መኪናዎች አንዱ መስመር ቢበጠስ ሌላው ይቀራል። በእሷ ግን መስመሩ ከከዳ የሚቀረው የእጅ ፍሬን ብቻ ነው። ሱቅ ደርሰው በሰላም የተመለሱት በእኔ ምክር ሳይሆን በእግዜር ቸርነት ነው።

የአጎቴ መኪና ምን ተደረገ?

መኪናዋ በሰፈራቸው ወዳለ ጋራዥ በሌላ መኪና ተጭና ሄደች። ዘይቱ ስለተደባለቀ ሁሉም መፈታት ነበረበት። እዚህ ላይ አጎቴ «እንግዲህ አንዴ ከተፈታ ዘንድ አንተ ብትሆን የቱን ትሞላ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። በዚህኛው ጊዜ ቶሎ አልመለስኩም። «ነገ ልደውልልዎ» ብዬ መምህራችንን ጠየቅሁ። እሳቸውም መልስ ከመስጠት ይልቅ ሁለት ጥያቄ ሰጡኝ፤ መኪናዋ ስንት ጊዜ ትነዳለች? የት ትነዳለች?

አጎቴ በወር ሁለቴ ገደማ፣ ሜዳ በሆነ መንገድ፣ ቀስ ብለው ነው የሚነዷት። በብርዱ አትወጣም። ቀለሟንም እንደ ዓይን ብሌናቸው ነው የሚያዩት። ተራራ ለሚወርድና ፍሬኑን ለሚያግል ሰው ቢሆን ኖሮ ዶት 4 ሞልቶ በጊዜው መቀየር ይሻላል እል ነበር። ለእሳቸው ግን ሁሉም ጎሚኒ አዲስ እስከሆነ ድረስ ሲሊኮን ያስኬዳል አልኳቸው። እሳቸውም መረጡት።

ሥራው የተሠራው በዚህ ቅደም ተከተል ነው፦

1. አሮጌው ዘይት በሙሉ ወጣ፤ ማስተር ሲሊንደሮቹ፣ ካሊፐሮቹና የኋላ ሲሊንደሮቹ ተፈቱ። ፍሪሲዮኑም በዘይት ስለሚሠራ አብሮ ተካተተ።

2. የብረት ቱቦዎቹ በአልኮል ታጥበው በአየር ደረቁ። ጎሚኒዎቹና የላስቲክ ቱቦዎቹ በሙሉ በአዲስ ተተኩ።

3. ዘይቱ ሳይናወጥ ቀስ ተብሎ ተሞላ። ጠርሙሱ ከተናወጠ የሚፈጠረው ደቃቅ አረፋ ቶሎ አይጠፋም።

4. አየሩ በዝግታ እንዲወጣ ተደረገ፤ መኪናዋ አድራ በማግስቱ በድጋሚ ተሠራ።

5. ክዳኑ ላይ «ሲሊኮን ብቻ» የሚል ምልክት ታሰረ። ከአጎቴ በኋላ የሚከፍተው ሰው የእኔን ስህተት እንዳይደግም።

ከጥቂት ወራት በኋላ የአጎቴ ባለቤት ከመኪናዋ ኋላ ቆመው «መብራቱ አይበራም እኮ!» አሉ። ማብሪያው ከድቷል። ተቀየረ። ዛሬ አጎቴ ከመውጣታቸው በፊት አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ እስኪያይላቸው ድረስ አይነሱም። የመረጡት ዘይት ዋጋ ይሄ ነው፤ አውቀው ነው የሚከፍሉት።

ለእኛስ?

በእኛ ወርክሾፕ ኤምጂቢ አይገባም። ትምህርቱ ግን ይመለከተናል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የአየር ግፊቱ ዝቅ ሲል በሲሊኮን ውስጥ የሟሟው አየር ወጥቶ ፔዳሉን ሊያለሰልስ ይችላል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ መኪና ደግሞ ፍሬኑን ምን ያህል እንደሚያግል የወረደ ያውቀዋል። ስለዚህ አንድ ደንበኛ ከውጭ አገር የተላከለት ሐምራዊ ዘይት ይዞ መጥቶ «ይሄ ይበልጣል፣ ጨምርልኝ» ቢለን ምን እንደምንመልስ ከወዲሁ ማወቅ አለብን። ኤቢኤስ ያለው መኪና ከሆነማ ሲሊኮን አይሆንም፤ ፓምፑ ዘይቱን እየናጠ አረፋ ያበዛበታል።

ማጠቃለያ

የፍሬን ዘይት ሲመረጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው ቁጥሩ አይደለም፤ ዘሩ ነው። ቀጥሎ ክዳኑ ላይ የተጻፈው ይነበባል፣ ቀለሙ ይታያል፣ መኪናው እንዴት እንደሚነዳ ይጠየቃል። ካልተረጋገጠ ደግሞ «አላውቅም፣ ጠይቄ ልንገርዎ» ማለት ነውር የለውም። እኔ ያን ቀን ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ብናገር ኖሮ አጎቴ አልተቀላቀለም ያሉትን ሐምራዊና ቡናማ ዘይት ባላዩ፣ እኔም የማለዳ ስልካቸውን እስኪያነሱ ድረስ ልቤ ባልተንጠለጠለ ነበር።