ክፍት ምንጭ ወይስ የባለቤትነት ሶፍትዌር? የዌብ ሰርቨር ምርጫና የኃላፊነት ጥያቄ



አንድ ተቋም ዌብ ሰርቨር ለማቋቋም ሲያስብ አብዛኛውን ጊዜ በቅድሚያ የሚነሣው የዋጋ ጥያቄ ነው። አፓቺና ኤንጂንኤክስ ያለ ክፍያ ይገኛሉ፤ የማይክሮሶፍት አይአይኤስ ግን የዊንዶውስ ሰርቨር አካል በመሆኑ የዚያን ፈቃድ ይጠይቃል። ምርጫው በዋጋ ብቻ ከተመዘነ ክርክሩ ሳይጀመር ያበቃል። ከዋጋው በፊት ግን ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ጥያቄ አለ፦ ሶፍትዌሩ ላይ ጉድለት ሲገኝ በእኛ ሰርቨር ላይ ማን፣ በምን ያህል ጊዜ ያርመዋል?

ክፍት ምንጭ የምንለው ምንጭ ኮዱን ማንም ሰው እንዲያነብ፣ እንዲያሻሽልና መልሶ እንዲያሰራጭ ፈቃዱ የሚያስችለው ሶፍትዌር ነው። አፓቺ የተወለደው በዚሁ መንገድ ነው። በአሜሪካ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ዌብ ሰርቨር ዋና አዘጋጁ ተቋሙን በመልቀቁ እድገቱ ሲቆም፣ ተጠቃሚዎቹ በየበኩላቸው ያዘጋጇቸውን ማስተካከያዎች አሰባስበው እ.ኤ.አ. በ1995 አፓቺን አወጡ። በባለቤትነት ሶፍትዌር ግን ኮዱን የሚያርመው ባለቤቱ ኩባንያ ነው፤ ገዢው የሚያገኘው በውሉ የተወሰነ የመጠቀም መብት ነው።

ከሁለቱ ወገን አንድ አንድ ታሪክ እናንሣ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2001 ኮድ ሬድ የተባለው ተዛማች ፕሮግራም በአይአይኤስ ጉድለት ገብቶ ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ከ350 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን አጠቃ። ማይክሮሶፍት ማስተካከያውን ያወጣው ከአንድ ወር ገደማ በፊት ነበር፤ የተጠቁት ሰርቨሮች ግን ማስተካከያው አልተጫነባቸውም።

ሁለተኛው ታሪክ የክፍት ምንጩ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 ሃርትብሊድ የተባለው ጉድለት በኦፕንኤስኤስኤል ውስጥ ተገኘ። ይህ ሶፍትዌር በአፓቺና በኤንጂንኤክስ የሚያልፈውን መረጃ ለማመስጠር በስፋት ያገለግላል። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ሆኖ ሳለ ጉድለቱ ሁለት ዓመት ያህል ለሕዝብ ሳይገለጥ ቆየ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል፤ ነገር ግን የዓለም ድረ ገጾች የተደገፉበትን ይህን ኮድ ይጠብቁ የነበሩት እጅግ ጥቂት ሰዎች ነበሩ።

እንግዲህ ዝግነት ለአይአይኤስ ተጠቃሚዎች ዋስትና አልሆነም፤ ክፍትነትም ብቻውን ጠባቂ አላቆመም። ክፍትነት ሊያስገኝ የሚችለው መውጫ በርን ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 እስከ 2029 ይደገፋል የተባለው ሴንትኦኤስ 8 በ2021 መጨረሻ ድጋፉ እንደሚቋረጥ ሲነገር፣ በብዙ ሰርቨሮች ላይ ይሠራ ስለነበር ድንጋጤው ቀላል አልነበረም። ይሁን እንጂ ኮዱ ክፍት በመሆኑ ሮኪ ሊኑክስና አልማሊኑክስ በወራት ውስጥ ተተኩ። የባለቤትነት ምርት ሲቋረጥ ግን ደንበኛው የሚቀጥለውን እትም ከመግዛት ወይም ሥርዓቱን ከመቀየር ውጪ ያለው አማራጭ ጠባብ ነው።

ስለሆነም ለመምረጥ ሦስት ነገሮችን መርምሩ። አንደኛው በሰርቨሩ ላይ የሚሠራው አፕሊኬሽን ነው። ሙድልና ዎርድፕሬስ በፒኤችፒ የተጻፉ በመሆናቸው በሊኑክስ ላይ ያለ ችግር ይሠራሉ፤ በቀድሞው የማይክሮሶፍት ዶትኔት ፍሬምወርክ የተሠራ ሥርዓት ያለው ተቋም ግን ለአይአይኤስ በቂ ምክንያት አለው። ሁለተኛው ሙሉ ወጪው ነው። የዊንዶውስ ሰርቨር ፈቃድ በፕሮሰሰር ኮር ሲሰላ ዝቅተኛው መጠን ለአንድ ሰርቨር 16 ኮር ነው፤ ባለ 8 ኮር መሣሪያ ያለውም የ16 ይከፍላል። በአገራችን ደግሞ የፈቃድ ክፍያ የውጭ ምንዛሪ ጥያቄ ነው። ነገር ግን የፈቃድ ክፍያ የሌለው ሶፍትዌርም ቢሆን የሚያስተዳድረውን ባለሙያ ደመወዝ ይፈልጋል። ሦስተኛው ባለሙያው ራሱ ነው፤ ያለን ሰው የሚያውቀው የትኛውን ነው? እርሱ ቢለቅስ ማን ይተካዋል?

የእኔ ሚዛን፣ የቀድሞ ሥርዓት ካላስገደደ በቀር፣ ወደ ክፍት ምንጭ ያደላል፤ ይህ ግን በፈቃዱ የተረፈው ገንዘብ ለሰው ሥልጠና ሲውል ብቻ ነው። ገንዘቡ ተቆጥቦ ሰርቨሩ ያለ ጠባቂ ከቀረ ምርጫው የስም ለውጥ ብቻ ይሆናል።

ውድ ተማሪዎች፣ ነገ በየተቋሙ ይህን ውሳኔ የምታማክሩት እናንተ ናችሁ። የምርጫ ሰነዱ ሲዘጋጅ ከሶፍትዌሩ ስም አጠገብ ማስተካከያዎችን በየጊዜው የሚጭነው ሰው ስምም ይጻፍ በሉ። ያ ቦታ ባዶ ከሆነ ምርጫው ገና አልተጠናቀቀም።