የከሚሴን ማሾ ዋጋ ማን ይቆርጠዋል?

በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ሁለት ዓይነት ገበያ ጎን ለጎን ይታያል። በባቲ የሰኞ ገበያ ብዙ ሻጭና ብዙ ገዥ ስለሚገናኝ የግመሉም የፍየሉም ዋጋ የሚቆረጠው በክርክር ነው። በከሚሴ ዙሪያ የሚመረተው ማሾ ግን ወደ ውጭ አገር የሚሄደው በሰብሳቢና በላኪ እጅ አልፎ ነው። ገዥው ጥቂት በሆነበት ቦታ መመካከር ይቀላል፤ የውድድር ሕግ የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው።

ኢትዮጵያ ራሱን የቻለ የንግድ ውድድር ሕግ ያወጣችው በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 329 ሲሆን፣ ይህ በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ 685፣ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ 813 ተተክቷል።

ትልቅነት ጥፋት አይደለም

አዋጅ 813 የገበያ የበላይነትን በራሱ አልከለከለም። የከለከለው በበላይነት ያላግባብ መጠቀምን ነው። ዕቃ ማከማቸትና መደበቅ፣ ተወዳዳሪን ለማስወጣት ከማምረቻ ወጪ በታች መሸጥ ለዚህ ምሳሌ ናቸው። ቅጣቱም ከዓመታዊ ሽያጭ ከ5 እስከ 10 በመቶ እንዲሆን ተደንግጓል።

የቃል ስምምነትም ያስጠይቃል

ለከሚሴ ነጋዴ ይበልጥ የሚቀርበው በተወዳዳሪዎች መካከል የሚደረግ ስምምነት ነው። አዋጁ ዋጋ መወሰንን፣ ገበያ መከፋፈልንና በጨረታ መመሳጠርን ከልክሏል። ለምሳሌ ያህል አምስት ሰብሳቢዎች ማለዳ ተገናኝተው «ከዚህ ዋጋ በላይ አንገዛም» ቢባባሉ፣ ወረቀት ባይፈርሙም ስምምነት ነው። አንዱ የጎረቤቱን ዋጋ ሰምቶ በራሱ ውሳኔ የራሱን ቢያስተካክል ግን ይህ ብቻውን ስምምነት አያሰኝም። ከሰብሳቢ ወደ ሰብሳቢ ዋጋ የሚያመላልስ ደላላም ይህን ልዩነት ማወቅ ይኖርበታል።

ኩባንያ ኩባንያን ሲገዛ

ውህደት ከመፈጸሙ በፊት ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት መቅረብ እንዳለበት አዋጁ ይደነግጋል፤ ውድድርን በእጅጉ የሚጎዳ ከሆነ ይከለከላል። ዲያጆ በ2004 ዓ.ም. ከመንግሥት በ225 ሚሊዮን ዶላር የገዛው ሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ በ2014 ዓ.ም. በካስቴል ቡድን ሥር ወዳለው ቢጂአይ ዞሯል። ቢጂአይ ከከሚሴ በስተሰሜን በምትገኘው ኮምቦልቻም ፋብሪካ ያለው ነው። በእንዲህ ያለ ግዢ ተቆጣጣሪው የሚጠይቀው «ገዥው ምን ያህል ትልቅ ነው?» ብቻ ሳይሆን «ለአከፋፋዩና ለጠጪው ስንት አማራጭ ቀረ?» ብሎ ነው።

አቤቱታው የት ይሄዳል?

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን በ2014 ዓ.ም. ፈርሶ ሥልጣኑ ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተላልፏል። መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ፣ ማሾው ከሚሴ ነው። ስለዚህ ተበደልኩ የሚል ሻጭ «ተስማምተውብኛል» ማለቱ ብቻ አያዋጣውም፤ ቀኑን፣ መጠኑንና እያንዳንዱ ገዥ የሰጠውን ዋጋ መዝግቦ መያዝ ይጠቅመዋል።