አፍና ጠጠር

ሽሪምፕንና ዓሣን በአንድ የቤት ገንዳ ለማኖር የሚያስብ ሰው ከገንዳው ስፋት በፊት የዓሣውን አፍ ይለካል። ቼሪ የሚሉት ቀይ የንጹሕ ውሃ ሽሪምፕ አድጎ አድጎ ከ3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር አያልፍም። ኤንጀልፊሽ ያደገውንም ቢሆን ይበላዋል። ትንሿ ጋፒ ትልቁን ብትተወው እንኳ ጫጩቱን ስትለቅም ትውላለች።

ሽሪምፕ ባደገ ቁጥር ቅርፊቱን ይጥላል፤ አዲሱ እስኪጠነክር ገላው ለስላሳ ነው፣ መሸሸጊያ ካጣ አለቀለት። ልምድ ያላቸው አርቢዎች ስለዚህ ጥቅጥቅ ያለ የውሃ ሣር፣ የእንጨት ጉማጅና ድንጋይ ያስገባሉ፤ ጫጩቶቹ እንዳይመጠጡም የማጣሪያውን አፍ በስፖንጅ ይሸፍናሉ። የዓሣ ኩስ የሚለቀውን አሞኒያ የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች በጠጠሩ ላይ እስኪበዙ ሳምንታት መጠበቅም ግድ ነው። የሚሻለው ሽሪምፑን ቀድሞ አስገብቶ እስኪረባ መታገሥ፣ ዓሣውን ከዚያ በኋላ ማምጣት ነው። ዓሣው ታመመ ተብሎ መዳብ ያለበት መድኃኒት ከተጨመረ ግን ሽሪምፑ አይተርፍም።

በጉና ተራራ ዙሪያ ላለው የጋይንትና የስማዳ ሰው ሽሪምፕ ባዕድ ነው፤ ከሽሪምፕ ዘመዶች የሚያውቀው ልጆች በበጋ የወንዝ ድንጋይ እየገለበጡ የሚያባርሩትን ሸርጣን ነው። በይና ተበይ በአንድ ውሃ እንዴት እንደሚኖሩ ለማየት ግን የመስታወት ገንዳ አያስፈልገውም፤ ጣና ሐይቅ አለለት።

ከ4,000 ሜትር በላይ የሚቆመው ጉና ውሃ አከፋፋይ ነው። ከላይ ጋይንት በኩል የሚወርደው ወደ ተከዜ ያደላል፤ ታች ጋይንትና ስማዳ ለበሽሎና ለዓባይ ይገብራሉ። በእስቴና በፋርጣ በኩል የሚሰበሰበው ጉማራ ደግሞ በደራና በፎገራ አልፎ ጣና ይገባል። ጣና ራሱ ትልቅ ገንዳ ነው ማለት ይቻላል። አማካይ ጥልቀቱ 8 ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ ከታች 40 ሜትር ገደማ የሚወረወረው ጢስ ዓባይ ፏፏቴ የዓባይ ዓሣ ሽቅብ እንዳይመጣ አጥሮታል።

በዚህ አጥር ውስጥ ነጭ ዓሣ የሚባለው ወገን፣ በሳይንስ ስሙ ላቤዮባርበስ፣ ተባዝቶ ብዙ ዓይነት ሆኗል። ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ጥቂቶቹን መዘገበ። የሆላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት 15 ዝርያዎች ተለይተዋል። ልዩነታቸው በአፍ ይነበባል፦ ከንፈሩ የወፈረው ከጭቃና ከድንጋይ መካከል የነፍሳት እጭ ይለቅማል፣ ሌላው የውሃ ተክል ይበላል፣ ሌላው በውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ፍጥረታትን ያጣራል። 8ቱ ደግሞ ዓሣ በላዎች ናቸው። የሚያስገርመውም ይኸው ነው፤ የዚህ ቤተሰብ ዓሦች በመንጋጋቸው ጥርስ፣ በሆዳቸውም ጨጓራ የላቸውም፤ የሚያደቁት ጉሮሯቸው ውስጥ ባለ ጥርስ ነው። አደን የማይመቸው አካል ይዘው አዳኝ ሆነዋል። የሚያድኗቸው ትናንሽ ዓሦች እስካሁን አለማለቃቸው ሐይቁ ከገንዳ የበለጠ መሸሸጊያ ስላለው ጭምር ነው፤ የዳርቻው ደንገል የገንዳውን ሣር ሥራ ይሠራል።

ክረምት ሲገባ ሌላ ታሪክ ይጀምራል። ከ15ቱ 7ቱ ለመራባት ወደ ወንዝ ይወጣሉ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ በጉማራ መግቢያ ይሰበሰባሉ፣ ከዚያም ዋናውን ወንዝ ትተው ጥልቀት የሌላቸውን፣ ፈጣንና ጠጠራማ ገባሪዎች ይመርጣሉ። ሁሉም በአንድ ሳምንት አይመጡም፤ አንዱ ዝርያ ቀድሞ ሌላው ይከተላል። እንቁላሉ በጠጠሩ መካከል ገብቶ ከሚፈስሰው ውሃ ኦክስጅን ያገኛል። ጠጠሩ በደለል ከተደፈነ ይታፈናል።

ደለሉ ከየት እንደሚመጣ የጉናን ተዳፋት ያየ አይጠይቅም። ቁልቁለቱ ከታረሰና ሣሩ ከተጋጠ አፈሩ በጎርፍ ጉማራን አቡክቶ ይወርዳል። አሸዋና ጠጠር ለግንባታ የሚያወጡም አሉ። የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ውሃ ውስጥ በመበተን ዓሣ የማደንዘዝ የቆየ ዘዴም አለ፤ ትልቁንም ትንሹንም አይመርጥም። ከሁሉ የከፋው ግን እንቁላል የያዘው ዓሣ በወንዝ አፍ በተሰበሰበበት ሰዓት የሚዘረጋው መረብ ነው። በሞተር ጀልባ ማጥመድ በ1980ዎቹ አጋማሽ ከተጀመረ በኋላ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2000 አካባቢ በተደረጉት ጥናቶች መካከል ብቻ የነጭ ዓሣ ምርት በክብደት 75 በመቶ ገደማ ቀንሷል (ዓመታቱ እ.ኤ.አ.)።

ከጠጠሩ የተረፉት ጫጩቶች ውለው አድረው ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ፤ እዚያም መጀመሪያ የሚፈልጉት ጥልቁን ሳይሆን የዳርቻውን ሣር ነው።