የኪራይ ደረሰኝና የኮምፒዩተሩ መዝገብ

የቤት ኪራይ ክርክር ፍርድ ቤት ሲደርስ ብዙውን ጊዜ የሚፈተነው ውሉ ሳይሆን የክፍያው ማስረጃ ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2001 መሠረት ግዴታ አለ የሚል ወገን መኖሩን፣ ግዴታው ቀርቷል የሚል ደግሞ መቅረቱን ማስረዳት አለበት። ስለዚህ «ከፍያለሁ» የሚለው ተከራይ መክፈሉን ካላስረዳ ቤቱን እስከ መልቀቅ ሊደርስ ይችላል። አከራዩም ተዘናግቶ መቀመጥ አይችልም፤ የሕጉ ቁጥር 2024 ሁለት ዓመት ያለፈው የቤት ኪራይ ዕዳ እንደተከፈለ እንዲገመት ያደርጋል።

ዛሬ በርካታ የሕንፃ ባለቤቶች ደብተሩን ትተው በኮምፒዩተር ፕሮግራም ይጠቀማሉ፤ የሚደገፍ ነው። ሆኖም ፕሮግራሙ ሦስት ነገሮችን ለያይቶ መመዝገብ አለበት፦ በየወሩ የሚጠየቀውን ኪራይ፣ በእርግጥ የገባውን ገንዘብ፣ ለገባው ገንዘብ የተሰጠውን ደረሰኝ። ሦስቱን በአንድ መስመር የሚያጣብቅ ሒሳብ ሠራተኛ ከፊል ክፍያ በመጣ ቀን ይደናገራል።

አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ይደነግጋል። «እንግዲያው የባንኩ ወረቀት እያለ ደረሰኝ ለምን?» የሚሉ አሉ። የባንኩ ወረቀት የሚያሳየው ገንዘብ መተላለፉን ነው፤ ለየትኛው ወር እንደሆነ አይናገርም። ላኪው የተከራዩ ወንድም ከሆነ ደግሞ ስሙም አይገጥምም። ስለዚህ የባንኩ የዝውውር ቁጥር፣ የተከራዩ ስም፣ የቤቱ ቁጥርና የተከፈለበት ወር በአንድ ደረሰኝ ላይ መገናኘት አለባቸው።

ወር ስል ትልቁ ራስ ምታት ይመጣል። አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ከውጭ የመጡ በመሆናቸው የሚቆጥሩት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ውላችን ግን ከመስከረም 1 ይጀምራል። የ2017 መስከረም ከሴፕቴምበር 11 እስከ ኦክቶበር 10 ቀን 2024 ነበር። ፕሮግራሙ ደረሰኙ ላይ «ኦክቶበር» ብሎ ቢያትም መስከረም ነው ወይስ ጥቅምት? አከራይ አንዱን፣ ተከራይ ሌላውን ይላል። በየ30 ቀኑ እንዲጠይቅ የታዘዘ ፕሮግራም ደግሞ ጳጉሜን 1 ቀን አሥራ ሦስተኛ የክፍያ መጠየቂያ ያወጣል። በልማዳችን በአብዛኛው ለጳጉሜን ለብቻዋ ኪራይ አይጠየቅም። ማሽኑ ይህን ከየት ይወቀው! መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የወሩ ስምና ዓመተ ምሕረቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ተብሎ ደረሰኙ ላይ ይጻፍ።

ሌላው በሕግ ዓይን የሚያሳስበኝ የክፍያ ድልድል ነው። ወርኃዊ ኪራዩ 20,000 ብር ነው እንበል። ተከራዩ በጥቅምት ኪራይ 5,000 ብር ላይ ተከራክሮ 15,000 ብር ብቻ ከፈለ። ኅዳር ላይ «ይህ የኅዳር ነው» ብሎ 20,000 ብር አስገባ። ፕሮግራሙ ግን ሳይጠየቅ 5,000ውን ወደ ጥቅምት ይወስድና ኅዳርን ጎዶሎ ያደርጋል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን በርካታ ዕዳ ያለበት ሰው ሲከፍል የትኛውን እንደሚከፍል የመግለጽ መብት አለው። ስለሆነም ይህ ራስ ገዝ ድልድል መዘጋት አለበት፤ የተከራዩ ቃልም በማስታወሻ ቦታው ላይ ይስፈር።

ቅድሚያ ክፍያ፣ አዋጁ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ የገደበው ማለት ነው፣ እንደገባ ገቢ ተደርጎ አይዋጥ፤ ወሩ ሲደርስ ይቀናነስ። ፕሮግራሙ የሚያትመው ወረቀትም የግብር ሕጉ የሚጠይቀውን ሕጋዊ ደረሰኝ አይተካም።

የተሳሳተ ምዝገባ ሲገኝ ብዙዎች ይሰርዙታል። ተከታታይ ቁጥሩ ከ114 ወደ 116 የዘለለ የደረሰኝ መዝገብ ፍርድ ቤት ቢቀርብ የመጀመሪያው መስቀለኛ ጥያቄ 115 የት ገባ የሚል ነው። ስህተቱ በቦታው ይቆይ፤ ማስተካከያው በአዲስ ቁጥር፣ ምክንያቱና የመዝጋቢው ስም ተጽፎበት ይግባ፤ ለተከራዩም ቅጂው ይሰጠው።