የዛፍ ጥላና የሚያዳምጥ ሰው፦ ለተማሪዎች የዕረፍት ስፍራ ስለ ማዘጋጀት

በሥራ ቀን ቅዳሴ ተፈጽሞ ምእመናን ከተሰናበቱ በኋላ በአዲስ አበባ አብያተ ክርስቲያናት ቅጽር ውስጥ የሚቆዩት በአብዛኛው ሁለት ወገኖች ናቸው፤ አረጋውያንና ደብተር የያዙ ወጣቶች። በአስኮም እንዲሁ ነው። ከወጣቶቹ አንዳንዱ በዛፍ ሥር ተቀምጦ ያነብባል፤ አንዳንዱ ደግሞ ደብተሩን ዘግቶ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ይህ ጽሑፍ ይበልጡን ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነው።

አስኮ ወደ አምቦ በሚያወጣው ጎዳና ላይ በመሆኑ የተሽከርካሪው ድምፅ አያርፍም። ብዙ ቤተሰብ በአንድ ክፍል ኪራይ ቤት ይኖራል፤ ማብሰሉም፣ ቴሌቪዥኑም፣ የሕፃኑ ልቅሶም በዚያው ክፍል ነው። በከተማችን ብዙ ኮሌጆች የሚያስተምሩት በመንገድ ዳር ፎቅ ተከራይተው ስለሆነ፣ ደረጃ እንጂ ግቢ የላቸውም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1954 ዓ.ም. የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ ሲሰጡ ከሕንፃው ጋር ዛፉና አትክልቱም ስለተሰጠ፣ የስድስት ኪሎ ተማሪ ከክፍል ወጥቶ የሚያርፍበት ጥላ አገኘ። ግቢ በሌለው ኮሌጅ ለሚማረው ልጅ ይህን ጥላ ሊሰጥ የሚችል ጎረቤት ከአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን በቀር እምብዛም የለም።

ሸክሙ ቀላል አይደለም። በጥር 2015 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት፣ ከግማሽ በላይ ነጥብ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያ ዓመት በየቤቱ የተዘጋውን በርና የተቆረጠውን እንቅልፍ የንስሐ አባቶች ያውቁታል።

ጸጥታና ዛፍ ለተጨነቀ አእምሮ እንደሚረዱ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የቅኔ ተማሪ መምህሩ የነገሩትን ይዞ ከጓደኞቹ ይለያል፤ ዛፍ ሥር ወይም ጫካ ገብቶ ብቻውን ቅኔ ይቆጥራል። በዘመናዊው ጥናትም ሮጀር ኡልሪክ የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1984 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ይጠቀሳል። የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ሕሙማን መካከል፣ በመስኮታቸው ዛፍ ይታያቸው የነበሩት 23 ሰዎች የጡብ ግድግዳ ብቻ ይታያቸው ከነበሩት 23 ሰዎች ይልቅ ፈጥነው ከሆስፒታል ወጡ፤ የወሰዱት ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ሕንፃ መሥራት ሳይሆን ያለውን መጠበቅ ነው። እዚህ ላይ ራሳችንንም መውቀስ ይገባናል። የቅጽሩ ዙሪያ ለሱቅ ሲከራይ ገቢ ይገኛል፤ አጥቢያው ገንዘብ እንደሚያስፈልገውም እሙን ነው። ሆኖም ጥላ ያለውን የመጨረሻ ማዕዘን ለሱቅ የሚሰጥ ሰበካ ጉባኤ፣ የሚያጣውን ነገር በሒሳብ መዝገቡ ላይ አያገኘውም። ዐጸዱን ሁሉ ሲሚንቶ ማልበስም እንደዚሁ ነው። ያለ አገልግሎት ሰዓት የሚለቀቀው የድምፅ ማጉያም ዝም ቢል መልካም ነው። አዲስ የሚተከል ካለ ባሕር ዛፍ ቶሎ ቢደርስም ጥላው ስስ ነው፤ ጽድ፣ ወይራና ዝግባ ትዕግሥት ቢጠይቁም ይሻላሉ።

ለስፍራው ጥቂት መደገፊያ ያላቸው አግዳሚ ወንበሮች፣ የመጠጥ ውኃ፣ ንጹሕ መጸዳጃና የታወቀ የመክፈቻና የመዝጊያ ሰዓት ይበቁታል። ወንበሮቹ ከሰው ዓይን ፈጽሞ የተሰወሩ አይሁኑ፤ እኅቶቻችን ሳይሰጉ የማይቀመጡበት ቦታ የዕረፍት ቦታ አይባልም። ጥበቃውም የተቀመጠውን ልጅ «ምን ትሠራለህ?» ብሎ እንዳያስነሣ አስቀድሞ ይነገረው። የሌላ እምነት ተከታይ የሆነ ተማሪ ቢመጣም በሥርዓት እስከተቀመጠ ድረስ ጥላው አይነፈገው።

ከወንበሩ ይልቅ የሚከብደው በወንበሩ ላይ የሚያዳምጥ ሰው ማግኘት ነው። በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ፣ የአእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ በ2006 እ.ኤ.አ. ምባሬ በተባለ ሰፈር 14 ሴት አያቶችን አሠልጥነው በጤና ጣቢያ ግቢ በእንጨት ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። የአገሩ ሰው ጭንቀቱን በሾና ቋንቋ «ኩፉንጊሲሳ» ይለዋል፤ አብዝቶ ማሰብ ማለት ነው። እኛም «ሐሳብ በዛበት» እንላለን። አያቶቹ ችግሩን አስነግረው፣ ከብዙው አንዱን አስመርጠው፣ ለእርሱ መፍትሔ እንዲፈለግ ይረዳሉ። በ24 ጤና ጣቢያዎች 573 ሰዎችን ያካተተውና በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት፣ በወንበሩ የተረዱት ሰዎች ሕመም ከ6 ወር በኋላ የተለመደውን አገልግሎት ካገኙት ይልቅ በእጅጉ ቀንሶ እንደነበር አሳይቷል። በየአጥቢያችን ማኅበራት እንደነዚህ ያሉ እናቶች አሉ፤ የጎደለው ሥልጠናና ኃላፊነት መስጠት ነው።

አድማጩ አስቀድሞ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። በወንበሩ ላይ የሚደረገው ውይይት ምሥጢረ ንስሐ አይደለም። የወጣቱ ጉዳይ ለወሬ አይወጣም፤ ለሕይወቱ የሚያሰጋ ነገር ከታየ ግን አድማጩ ሌላ ረዳት እንደሚጠራ ወጣቱ ከመጀመሪያው ይነገረው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ እንቅልፍና ምግብ ያጣ፣ ትምህርቱን የተወ፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ ወጣት ከዕረፍት ያለፈ እርዳታ ያስፈልገዋል። ስለ ሞት የሚናገር ካለ «ራስህን ለመጉዳት አስበሃል?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ እንዲያውም የሚናገርበትን በር ይከፍትለታል። ብቻውን አይተው፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይወሰድ።

«ጠበል እያለ ለምን ሐኪም?» የሚል ወላጅ ይኖራል። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው እንዲወሰዱ ምእመናንን መክረው ነበር። ያ ምክር ለአእምሮ ሕመምም ይሠራል፤ ከካህን አንደበት ሲሰማ ደግሞ ወላጅ ቶሎ ይቀበለዋል። ከአስኮ ወደ መሀል ከተማ ሲመጡ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በመንገድ ላይ ይገኛል፤ ከዚያም ዘልቆ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። የሁለቱ ስልክ ቁጥር፣ ከወጣቱ ጋር አብሮ የሚሄደው ሰው ስምና የታክሲው ገንዘብ አስቀድሞ በሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ።