ከታቢው ያልተከተበው ክትባት

ጉለሌ ክፍለ ከተማ ውስጥ የኢንፍሉዌንዛን ጉዳይ ከሁለት ወገን የሚያሳዩ ሁለት ተቋማት አሉ። አንዱ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። አካባቢው ዛሬም «ፓስተር» የሚባለው ቀድሞ እዚያ በነበረው የፓስተር ተቋም ምክንያት ነው። ከጤና ተቋማት የሚላኩ የአፍንጫና የጉሮሮ ናሙናዎች እዚያ ይመረመራሉ፤ የትኛው የቫይረሱ ዝርያ እየተዛመተ እንደሆነም ይለያል። ሁለተኛው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለድሆች ተብሎ የተሠራው ይህ ሆስፒታል ዛሬ ከየክልሉ ሪፈር የተጻፈላቸውን ሕሙማን ይቀበላል። አንዱ ቫይረሱን ይከታተላል፤ ሌላው ቫይረሱ የጣላቸውን ያክማል። በመካከል ግን አንድ ነገር ጎድሏል፦ ኢትዮጵያ ለጤና ባለሙያዎቿ በየዓመቱ የሚሰጥ መደበኛ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት መርሐ ግብር የላትም።

በሌላው ዓለም ለዓመታት ሲያከራክር የኖረው ጥያቄ «ክትባቱ እየቀረበለት ባለሙያው ለምን አይወስድም?» የሚል ነው። እኛ ዘንድ ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ መቼ ቀረበለት?

ለምን ባለሙያው?

ኢንፍሉዌንዛ በዳማከሴና በዝንጅብል ሻይ ከሚታለፈው ቀላል ጉንፋን የከበደ በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ ከ3 እስከ 5 ሚሊዮን ሰዎች በጠና እንደሚታመሙበት፣ ከ290 ሺህ እስከ 650 ሺህ የሚደርሱትም በሚያስከትለው የመተንፈሻ አካል ሕመም እንደሚሞቱ ይገምታል። ድርጅቱ ቅድሚያ ሊከተቡ ይገባል ከሚላቸው መካከል የጤና ባለሙያዎች፣ ነፍሰ ጡሮች፣ አረጋውያንና ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው ይገኙበታል።

ባለሙያው ከዝርዝሩ የገባው በሁለት ምክንያት ነው። የመጀመሪያው የራሱ ደኅንነት ነው። በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶችን አሰባስቦ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ ትንታኔ፣ በአንድ የኢንፍሉዌንዛ ወቅት ካልተከተቡ 100 የጤና ባለሙያዎች 19 ያህሉ፣ ከተከተቡት ግን ከ7 ያነሱት እንደሚያዙ አሳይቷል። ሁለተኛው ምክንያት በሽተኛው ነው። በቫይረሱ የተያዘ ሰው ሕመሙ ሳይሰማው አንድ ቀን ቀድሞ ማስተላለፍ ይጀምራል። ቀለል ያለ ምልክት ብቻ ያለው ነርስ ወይም ሬዚደንት ደግሞ ተረኛ ስለሆነ፣ የሚተካውም ስለሌለ ሥራ ይገባል።

ቅዱስ ጳውሎስን ብቻ ብንወስድ፣ የአገሪቱ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማዕከል በ2008 ዓ.ም. የተከፈተው እዚያ ነው። ኩላሊት የተተከለለት ሰው አካሉ አዲሱን ኩላሊት እንዳይገፋ የበሽታ መከላከል አቅሙን የሚያዳክም መድኃኒት ዕድሜ ልኩን ይወስዳል። እሱ ራሱ ቢከተብ እንኳ ክትባቱ እንደ ጤነኛ ሰው አይሠራለትም። ስለዚህ ከአልጋው አጠገብ የሚቆሙት ሰዎች ጤንነት የሕክምናው አንድ አካል ነው። ይህ ሐኪምና ነርስን ብቻ አይመለከትም፤ ክፍሉን የሚያጸዳውን፣ ምግብ የሚያደርሰውን፣ ካርድ የሚያወጣውንና በር ላይ የሚፈትሸውንም ይጨምራል።

የምናውቀው በሽታ

አዲስ አበባ ኢንፍሉዌንዛን የምታውቀው በክፉ ትዝታ ነው። በኅዳር 1911 ዓ.ም. የገባው የዓለም ወረርሽኝ «የኅዳር በሽታ» ተብሎ ብዙ ሺህ ነዋሪዎቿን ፈጀ። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ታመው ተርፈዋል። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተሰብስቦ የሚቃጠልበት «ኅዳር ሲታጠን» የዚያ ዘመን ቅሪት ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ በ2001 ዓ.ም. አገሪቱ በተመረጡ የጤና ተቋማት የኢንፍሉዌንዛ ቅኝት ጀመረች፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ገደማም አዲሱ ኤች1ኤን1 ቫይረስ ዓለምን አዳረሰ።

ለዛሬው ጥያቄ ትልቁን ትምህርት የሰጠው ግን ኮቪድ ነው። የመጀመሪያው ታማሚ በአዲስ አበባ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ልክ በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ክትባቱ በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል በጤና ባለሙያዎች ተጀመረ። አዋቂን፣ ያውም ሠራተኛውን በሥራ ቦታው መከተብ እንደሚቻል በተግባር ታየ። ያ ዝግጅት ግን በየዓመቱ ወደሚደጋገም አሠራር አልተሸጋገረም።

ለምን አልተጀመረም?

የክትባት አገልግሎታችን ከ1970ዎቹ ጀምሮ የተገነባው በዋናነት ለሕፃናት ነው። ኩፍኝ ሕፃናትን በሚገድልበት አገር ይህ ትክክለኛ ቅደም ተከተል ነበር። ኢንፍሉዌንዛ ደግሞ አስቸጋሪ ጠባይ አለው። ቫይረሱ ስለሚለዋወጥ ክትባቱ በየዓመቱ ይታደሳል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለሰሜኑ ንፍቀ ክበብ በፈረንጆቹ የካቲት፣ ለደቡቡ በመስከረም የሚካተቱትን ዝርያዎች ያሳውቃል። የዘንድሮው ለከርሞ አይሆንም፤ ስለዚህ ወጪው በየዓመቱ ይመለሳል። እንደኛ ባለ ለምድር ወገብ የቀረበ አገር ደግሞ የበሽታው ወቅት እንደ አውሮፓ በግልጽ የተለየ ስላልሆነ፣ በየትኛው ወር መከተብ እንደሚሻል መወሰን የአገር ውስጥ መረጃ ይጠይቃል።

ባለሙያውን የመከተብ ልማዳችንም ደካማ ነው። በመርፌ በመወጋትና በደም ንክኪ የሚተላለፈውን የጉበት ቫይረስ ቢ የሚከላከለውን ክትባት ሦስቱንም ዙር የጨረሱት የኢትዮጵያ ጤና ባለሙያዎች፣ በልዩ ልዩ ሆስፒታሎች የተደረጉ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ፣ ከአምስት አንድ ያህል ብቻ ነበሩ።

ቢቀርብስ?

ማቅረብ ብቻውን አይበቃም። በእንግሊዝ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ክትባቱ በነጻ እየተሰጠ፣ በ2020/21 እ.ኤ.አ. ከአራት ባለሙያ ሦስቱ ያህል ሲከተቡ ከሦስት ዓመት በኋላ ሽፋኑ ከግማሽ በታች ወርዷል። በሲያትል የሚገኘው ቨርጂኒያ ሜሰን ሆስፒታል በ2005 እ.ኤ.አ. ክትባቱን የሥራ ግዴታ አድርጎ ሽፋኑን ከ97 በመቶ በላይ አድርሶታል።

የሚያመነቱ ባለሙያዎች ከሚያነሷቸው ምክንያቶች አንዱ «ክትባቱ ራሱ ያሳምማል» የሚለው ነው። በመርፌ የሚሰጠው ክትባት ግን ሕያው ቫይረስ የለበትም፤ ክንድ ሊያሳምም፣ ለአንድ ሁለት ቀን ትኩሳት ሊያመጣ ይችላል እንጂ ኢንፍሉዌንዛ አያስይዝም። «ሙሉ በሙሉ አይከላከልም» የሚለው ደግሞ እውነት ነው። ከሚዘዋወረው ዝርያ ጋር በተስማማበት ዓመት በበሽታው ሐኪም ቤት የመሄድን ዕድል ከ40 እስከ 60 በመቶ ይቀንሳል። ሠራተኛው መከተቡ የሕሙማንን ሞት ምን ያህል ይቀንሳል በሚለው ላይም ተመራማሪዎች አልተስማሙም፤ በብሪታንያ የአረጋውያን መጦሪያዎች የተደረጉ ሙከራዎች ትልቅ ቅነሳ ቢያሳዩም፣ ውጤቱ ከክትባቱ አቅም በላይ የተጋነነ ነው ብለው የተቹ አሉ። ይህን ለባለሙያው ሳይሸፍኑ መንገር ይገባል። በተሟላ መረጃ የወሰነ ሰው በሚቀጥለው ዓመትም ይመለሳል።

ከየት ይጀመር?

ለመላው አገር በአንድ ጊዜ መግዛት ካልተቻለ፣ አደጋው ከፍ ካለባቸው ክፍሎች መጀመር ይቻላል፦ ንቅለ ተከላ፣ ዲያሊሲስ፣ ጽኑ ሕሙማን፣ የጨቅላ ሕፃናትና የድንገተኛ ክፍል። የሚከተብበትን ወር ለመምረጥ የሚያስፈልገው መረጃ እዚያው ጉለሌ ይሰበሰባል። ክትባቱ በቀዝቃዛ መያዣ ወደየክፍሉ ይሂድ፤ በተረኛ መለዋወጫ ሰዓት፣ የሌሊቱንም ተረኛ ጨምሮ፣ በነጻ ይሰጥ። በኤጀንሲ የተቀጠሩ የጽዳትና የጥበቃ ሠራተኞች ከዝርዝሩ አይውጡ። ክትባት ማስክን፣ የእጅ ንጽሕናንና የተከፈተ መስኮትን ስለማይተካ፣ ትኩሳት የያዘው ሰው ደመወዙ ሳይነካ ቤቱ የሚያርፍበት የሕመም ፈቃድም ይከበር።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ማን ተከተበ፣ ማን አልተከተበም ብሎ መቁጠር ፍትሐዊ ይሆናል። እስከዚያው ድረስ ተጠያቂው ክንዱን ያልሰጠው ባለሙያ ሳይሆን፣ ክትባቱን ያላቀረበለት አሠራር ነው።