ድምፁ የት ቀረ?

ሳውንድ ካርድ ገዝተው ቤታቸው ሊቀዱ የተነሡ ሰዎች ሲደውሉልኝ የመጀመሪያ ቃላቸው አንድ ነው፦ «ድምፅ አይገባም!»

ሥራዬ መዝሙር፣ በገናና ክራር መቅዳት ነው። በትርፍ ጊዜዬ ደግሞ እየተጠራሁ በየሰው ቤት መሣሪያ አስተካክላለሁ። ሄጄ ሳየው ዕቃው ተበላሽቶ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት ነው። ማይኩ ደህና፣ ሳውንድ ካርዱ ደህና፣ ላፕቶፑም ደህና። የጎደለው ቅደም ተከተል ነው። ድምፅ ከማይክ ተነሥቶ ጆሮ እስኪደርስ የሚያልፍባቸው ቦታዎች አሉ። አንዱን ሳያረጋግጡ ወደ ሌላው የዘለለ ሰው፣ ድምፁ የት እንደቀረ ቢፈልግ አያገኘውም።

ሳጥኑ ምን ይሠራል?

ኦዲዮ ኢንተርፌስ የሚባለውን፣ እኛ ሰፈር ሳውንድ ካርድ የምንለውን ሳጥን ሥራ በሦስት መክፈል ይቻላል። ከማይክ የሚመጣው ኤሌክትሪክ በሚሊቮልት የሚለካ ደካማ ነገር ስለሆነ መጀመሪያ ያጎላዋል። ቀጥሎ በሰከንድ 48,000 ጊዜ እየለካ ወደ ቁጥር ይለውጠውና በዩኤስቢ ገመድ ለኮምፒውተሩ ይሰጣል። በመጨረሻ ኮምፒውተሩ የሚመልሰውን ቁጥር ወደ ድምፅ ቀይሮ ለሄድፎን ያቀርባል። ላፕቶፕዎ ውስጥም ይህን የሚሠራ ነገር አለ፤ ግን የተሠራው ለስልክና ለስብሰባ ወሬ እንጂ ለክራር አይደለም።

አንድ ድምፃዊና አንድ መሣሪያ ለሚቀዳ ሰው ሁለት ማስገቢያ ያለው ይበቃል። ፎከስራይት የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ስካርሌት 2አይ2ን በ2011 እ.ኤ.አ. ካወጣ ወዲህ የዚህ ዓይነት ሳጥን በዓለም ዙሪያ የቤት ቀረጻ መነሻ ሆኗል። ብዙዎቹ ኃይል የሚያገኙት ከዩኤስቢው ነው፤ ሌላ ቻርጀር አይፈልጉም። አዲስ አበባ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። መብራት ቢጠፋም የላፕቶፑ ባትሪ እስካለ ድረስ ቀረጻው አይቋረጥም።

መጀመሪያ ድራይቨር

ማክ የያዘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሰክቶ መቅዳት ይችላል። ዊንዶውስ ላይ ግን ከኩባንያው ድረ ገጽ ድራይቨሩን፣ ማለትም ሳጥኑን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ አውርደው ይጫኑ፤ ብዙዎቹ አምራቾች ሳጥኑ ከመሰካቱ በፊት እንዲጫን ያዝዛሉ። ድራይቨሩ አሲዮ በሚባለው ዘዴ ይሠራል፤ የጀርመኑ ስታይንበርግ ያመጣው፣ ድምፅ በዊንዶውስ ውስጥ ረጅም መንገድ ሳይዞር በአቋራጭ እንዲያልፍ የሚያደርግ ነው።

ሳጥኑን ከላፕቶፑ ጋር በቀጥታ ያገናኙ። ማውስ፣ ፍላሽና ሃርድ ዲስክ በተሰካበት ማከፋፈያ ላይ ሲጨመር ድምፁ መቆራረጥ ሊጀምር ይችላል። ከዚያ የሚቀዱበትን ሶፍትዌር ይክፈቱ። ሪፐር ለ60 ቀን በነፃ ይሞከራል፤ ማክ ላይ ጋራዥባንድ በነፃ አለ። በሶፍትዌሩ የኦዲዮ ማስተካከያ ውስጥ የሳጥንዎን ስም ይምረጡ፤ 48 ኪሎ ሄርዝና 24 ቢት ላይ ያድርጉት። በዚህ ልክ የአንድ ማይክ ድምፅ በደቂቃ 8.6 ሜጋባይት ገደማ ብቻ ይይዛል።

አሁንም ድምፅ ካልገባ ሁለት ቦታ ይዩ። አንደኛ፣ ዊንዶውስ በፕራይቬሲ ማስተካከያው ውስጥ ለፕሮግራሞች ማይክ ከልክሎ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ማይኩ የሳጥኑ ማስገቢያ 1 ላይ ተሰክቶ፣ በሶፍትዌሩ ውስጥ ያለው ትራክ ማስገቢያ 2ን እየጠበቀ ይሆናል። «በግራ ጆሮ ብቻ ነው የሚሰማኝ» የሚሉኝም አሉ፤ እነሱ ትራኩን ስቴሪዮ አድርገውት ነው። አንድ ማይክ ሞኖ ነው።

48 ቮልት የሚባለው ቁልፍ

ዳይናሚክ ማይክ፣ ለምሳሌ በየመድረኩ የሚታየው ሹር ኤስኤም58፣ ተጨማሪ ኃይል አይፈልግም። ኮንደንሰር ማይክ ግን ከሳጥኑ 48 ቮልት ካልተላከለት ዝም ይላል። «አዲሱ ማይኬ ሞተ» ተብዬ ሄጄ ይህችን ቁልፍ ተጭኜ የተመለስኩባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። ማይኩን መጀመሪያ ይሰኩ፣ የማይኩን ማጉያ (ጌይኑን) እና ሄድፎኑን ዝቅ ያድርጉ፣ ከዚያ ይጫኑ። ፒክአፕ የተገጠመለት ክራር ወይም ባስ ጊታር ከሆነ ደግሞ በጃክ ገመድ ሰክተው የመሣሪያ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይጫኑ፤ ያለዚያ ድምፁ ይሳሳል።

ጌይን፦ ዋናው ሥራ

ጌይን ማለት ሳጥኑ ማይኩን ምን ያህል ያጉላው የሚለው ነው። ብዙ ሰው የሳጥኑ መብራት ቀይ እስኪሆን ያዞረዋል። በዲጂታል ቀረጻ ዜሮ ዴሲቤል ጣሪያ ነው፤ ከዚያ ያለፈው ድምፅ ይቆረጣል፤ የፈሰሰ ውኃ ደግሞ አይታፈስም። ዘማሪው ከመዝሙሩ ጮክ ያለውን ቦታ እንዲዘምር ያድርጉ፣ በለሆሳስ «ሀሎ፣ ሀሎ» እያለ አይለካም። ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ሲቆም ይተዉት። ያነሰ ቢመስልዎ አይስጉ። 24 ቢት በስሌት ወደ 144 ዴሲቤል ስፋት አለው፤ በኋላ ከፍ ቢያደርጉት አይጎዳም።

በገና ላይ ለየት ያለ ጥንቃቄ ያሻል። ድምፁ ዝግ ያለ ስለሆነ ኮንደንሰር ማይክና ከፍ ያለ ጌይን ይወዳል። ደግሞም በአውታሩና በበርኩማው መካከል የሚገባው ቁራጭ ቆዳ የሚሰጠው ንዝረት አለው። በገና ቀድቶ የማያውቅ ባለሙያ ይህን ሲሰማ ድምፁ የተበላሸ መስሎት ጌይኑን ይቀንሳል፤ ባስ ሲል በሶፍትዌር ሊያጠፋው ይሞክራል። ንዝረቱ የበገናው ውበት ነው። መብራቱን ይዩ፤ አረንጓዴ ከሆነ እየሰሙ ያሉት በገናውን ነው።

ድምፁ ሲዘገይ

«ስዘፍን ድምፄ ዘግይቶ ይመጣብኛል» የሚል ሁሉ በፈር የሚባለውን ቁጥር ይይ። ኮምፒውተሩ ድምፁን የሚቀበለው ጥቂት በጥቂት እያጠራቀመ ነው። በ48 ኪሎ ሄርዝ በፈሩ 128 ሲሆን ጥርቅሙ 2.7 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል፤ 1,024 ሲሆን 21 ሚሊ ሰከንድ። ይህ ለመግባት ብቻ ነው፤ መመለሻውም ይጨመርበታል። ስለዚህ ሲቀዱ 128 ላይ ያድርጉ፤ ቀረጻው አልቆ ሚክስ ሲያደርጉ ኮምፒውተሩ እንዳይጨነቅ ወደ 1,024 ከፍ ያድርጉት። ሳጥኑ ዳይሬክት ሞኒተር ካለው ደግሞ ድምፅዎን ኮምፒውተር ሳይገባ በቀጥታ ይሰማሉ፤ ያን ጊዜ ሶፍትዌሩ ውስጥ የትራኩን መስሚያ ይዝጉ፤ ያለዚያ ድርብ ይሆናል። ሲቀዱ ስፒከር አይክፈቱ፤ ጆሮ የሚከድን ሄድፎን ያድርጉ።

ቤቱም ይቀዳል

የማያቋርጥ «ምምም» ካለ የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅለው ያዳምጡ። ከጠፋ ችግሩ ከመብራቱ መስመር ነው፤ መሬት ባለው ሶኬት ይጠቀሙ፣ ወይም በባትሪ ይቅዱ። ፍሪጁን ለጊዜው ያጥፉ። በክረምት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ለመቅዳት ዝናቡ እስኪያባራ መጠበቅ ነው እንጂ ሌላ መላ የለውም።

የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍ የውጭ ጩኸት አያስቀርም፤ የክፍሉን ማስተጋባትም እምብዛም አይቀንስም። ከዘፋኙ ጀርባ ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ መስቀል፣ ልብስ የሞላ ቁም ሣጥን አጠገብ መቆም ይሻላል። ማይኩ ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ።

ሙሉ ዘፈን ከመጀመርዎ በፊት አንድ ደቂቃ ቀድተው በሄድፎን ያዳምጡ። ቅር ያለዎት ነገር ካለ ከማይኩ ጀምረው በተራ ይፈትሹ። ገንዘብ ከተረፈዎትም የበለጠ ውድ ሳውንድ ካርድ አይመኙ፤ ደህና ኬብልና ወፍራም መጋረጃ ይግዙበት።